ዝም ያለ አገር ሞገዱን ይነጠቃል

ስማኝማ ወጣቱ! አንቺም እህቴ ስሚኝ!

ስለ ድንበር ሲወራ ሁላችንም አንበሳ ነን። የአገራችንን ካርታ ፕሮፋይል ፒክቸር አድርገናል። ስለ ወደብ እንጽፋለን፣ ስለ ዓባይ እንጽፋለን፣ አንድ ክንድ መሬት ተነካ ሲባል ሌሊቱን ሙሉ ኮመንት ስንሰጥ እናድራለን። ጥሩ ነው፣ ይሄን የሚንቅ የለም። ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። 873 የሚባለውን ቁጥር ታውቀዋለህ? 855ንስ? 684ንስ? 972ንስ?

የስልክ ቁጥር አይደለም፣ የአዋጅ ቁጥርም አይደለም። የኢትዮጵያ ሬዲዮ በመካከለኛ ሞገድ፣ ማለትም በተለምዶ ኤ ኤም በምንለው፣ ሲሰራጭባቸው የኖሩ ቁጥሮች ናቸው። መለኪያቸው ኪሎ ኸርዝ ነው። 873 ከአዲስ አበባ አጠገብ ከገጃ፣ 855 ከሐረር፣ 684 ከመቱ፣ 972 ከሮቤ።

እነዚህ ቁጥሮች ድንበር ናቸው። መሬት ላይ የድንበር ድንጋይ አልተተከለላቸውም እንጂ ጄኔቫ በተቀመጠ መዝገብ ላይ በኢትዮጵያ ስም ተጽፈዋል። ዛሬ የምነግርህ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይሄ ድንበር በጩኸት አይጠበቅም። የሚጠበቀው ማሰራጫው ሲሠራ፣ መዝገቡ ሲታይ፣ ለደብዳቤ መልስ ሲሰጥ ነው። ዝም ያለ አገር ሞገዱን ይነጠቃል።

«ሞገድ ደግሞ ምን ድንበር አለው?» እንዳትለኝ። ልክ ነህ፣ ሞገድ ፓስፖርት አያሳይም። ጉዳዩም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ኤፍ ኤም የሚደርሰው ዓይን የሚደርስበት ያህል ነው፤ ተራራ ከጋረደው ይቀራል። መካከለኛ ሞገድ ግን መሬት ለመሬት እየተሳበ ጋራውንም ሸለቆውንም ያልፋል። ቀን ላይ ጉዞው በዚሁ ያበቃል፣ ምክንያቱም ወደ ሰማይ የሚወጣውን የሞገዱን ክፍል ፀሐይ የምትፈጥረው የአየር ንብርብር ውጦ ያስቀረዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ያ ንብርብር ይጠፋል። ከእሱ በላይ ያለው ሌላ ንብርብር ደግሞ ሞገዱን እንደ መስታወት ወደ መሬት ይመልሰዋል። ስለዚህ ቀን አንድ ክፍለ ሀገር የሚሸፍን ትልቅ ጣቢያ ማታ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተሻግሮ ይሰማል።

ካላመንከኝ ዛሬ ማታ ሞክረው። ኤ ኤም ያለው ሬዲዮ ፈልግ፣ አያትህ ጋ አይጠፋም። እንደኔ ገላን ኮንዶሚኒየም የምትኖር ከሆነ ቤት ውስጥ አትልፋ፤ የየቤቱ ቻርጀርና የኤል ኢ ዲ አምፖል ሬዲዮውን ያንጫጩብሃል። ከብሎኩ ራቅ ብለህ ሜዳ ላይ ቁም። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ቁልፉን ቀስ እያልክ አዙር። ዓረብኛ ትሰማለህ፣ አንዳንዴ ምን ቋንቋ እንደሆነ የማትለየውን ትሰማለህ። አንዱ ጋ ሁለት ጣቢያ ተደራርቦ አንዱ ሲጎላ ሌላው ሲሰምጥ ታገኛለህ። ሌላው ጋ ደግሞ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት አለ። ፉጨቱ የሚመጣው ሁለት ማሰራጫዎች ከተመደበላቸው ቦታ ዝንፍ ብለው እርስ በርስ ሲፋጩ ነው። ጎረቤታሞች ሳይስማሙ ሲቀሩ ድምፁ ይሄ ነው።

ሁሉም እንደፈለገ ቢጮህ ማንም ማንንም አይሰማም። ስለዚህ አገራት ቁጭ ብለው ተከፋፈሉ። የሚሰበሰቡበት ቤት ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ይባላል፣ መቀመጫው ጄኔቫ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ አባል ናት። የአፍሪካን፣ የአውሮፓን፣ የእስያንና የአውስትራሊያን መካከለኛ ሞገድ የከፋፈለው ጉባኤ የተካሄደው በሁለት ዙር፣ እ.ኤ.አ. በ1974 እና በ1975 መጨረሻ ላይ ነው። በእኛ አቆጣጠር 1967 እና 1968 ዓ.ም መሆኑ ነው።

ዘመኑን ልብ በል። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን የወረዱት በ1967 መስከረም መጀመሪያ ላይ ነው። አገር እየታመሰች ነበር። የኢትዮጵያ ድርሻ ግን መዝገቡ ውስጥ ገባ። ቤተ መንግሥቱን ማን እንደያዘ መዝገቡ አይጠይቅም፤ እዚያ ላይ የተጻፈው የአገር ስም ነው። መንግሥት ሄደ፣ መንግሥት መጣ፣ ስሙ እዚያው አለ። አገር ከመንግሥት በላይ ናት የምንለው ነገር በወረቀት ላይ ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለግክ እዚህ ጋ ታገኘዋለህ።

እቅዱ እንዲህ ነው። ከ531 ኪሎ ኸርዝ ይጀምራል፣ 1602 ላይ ያበቃል። በየ9 ኪሎ ኸርዙ አንድ መስመር አለ፣ በድምሩ 120 መስመር። ስልክህ ላይ ካልኩሌተር ክፈትና 873ን ለ9 አካፍል፤ 97 ይመጣል። 855ን አካፍል፤ 95። 684 ይሰጥሃል 76፣ 972 ይሰጥሃል 108። ቀሪ የለም። ቁጥሮቹ በዘፈቀደ የተመረጡ አይደሉም፣ በስምምነት የተሰመሩ ናቸው። እቅዱ ሥራ ላይ የዋለው ኅዳር 14 ቀን 1971 ዓ.ም ነው። በዚያች ሌሊት በብዙ አገር ያሉ ጣቢያዎች ቁጥራቸውን ቀይረው ወደ አዲሱ መስመር ገቡ። ቢቢሲ እንኳ ለአድማጮቹ ሬዲዮናቸው ላይ አዲሱን ቦታ እንዲፈልጉ ሲያሳስብ ነበር።

120 መስመር ለሦስትና አራት አህጉር አይበቃም። ስለዚህ አንዱ መስመር ለብዙ አገር ይሰጣል፣ ግን ተራርቀው። የእኛን 873 ውሰድ። ጀርመን ፍራንክፈርት የነበረው የአሜሪካ ጦር ሬዲዮ ለዓመታት በ873 ሲያሰራጭ ኖሯል። እስፔን ውስጥ ሳራጎሳ ያለ ጣቢያም ይጠቀምበታል። እንግሊዝ ኖርፎክም እንደዚያው ነበር። ከገጃ ጋር አልተጋጩም፣ ርቀቱ ይበቃል። ይሄው ቁጥር ለካርቱም ወይም ለሰንዓ ቢሰጥ ኖሮ ግን ሲመሽ ሁለቱም ገደል በገቡ ነበር።

ለዚህ ነው መዝገቡ ላይ ቁጥር ብቻ የማይጻፈው። ማሰራጫው የቆመበት ቦታ በኬክሮስና በኬንትሮስ ይጻፋል። ኃይሉ በኪሎ ዋት ይጻፋል። አንቴናው ወደየት እንደሚያጎላ፣ ወደየት እንደሚቀንስ ይጻፋል። ቀንና ማታ ለየብቻ ይጻፋል። እያንዳንዱ ቃል መብትም ግዴታም ነው። ከተጻፈልህ ኃይል በላይ ብትጨምር ጎረቤት ይከስሃል። ጎረቤት ከተጻፈለት ቢያልፍ አንተ ትከሰዋለህ።

አሁን ይሄን ከዓባይ ጋር አስተያየው። እ.ኤ.አ. በ1959 ግብፅና ሱዳን ውኃውን ሲከፋፈሉ 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ለአንዷ፣ 18.5 ቢሊዮን ለሌላዋ ተባለ። ከውኃው አብዛኛውን የምትሰጠው ኢትዮጵያ ወንበር እንኳ አልተሰጣትም። ስለዚህ «አላውቀውም» ለማለት ሙሉ መብት አለን፣ ብለናልም፣ ግድቡንም ሠርተን በ2017 ዓ.ም ጳጉሜን ላይ መርቀናል። በሞገድ በኩል ታሪኩ ሌላ ነው። ጄኔቫ ላይ አንድ አገር አንድ ድምፅ ነው። ስማችን ተጽፏል፣ ድርሻችን ታውቋል። ከዓባይ በተቃራኒ እዚህ ላይ «ተበደልን» ማለት አንችልም። ማለት የምንችለው «ይሄ የእኛ ነው፣ እየተጠቀምንበትም ነው» ነው። ሁለተኛውን ግማሽ በሥራ ካላሳየን የመጀመሪያው ግማሽ ባዶ ፉከራ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ይሄን ጥሩ አድርገህ አንብበው።

ስምምነቱ የድንጋይ ጽላት አይደለም፣ ይሻሻላል። በአንቀጽ 4 መሠረት አንድ አገር አዲስ ጣቢያ ልጨምር፣ ኃይል ልጨምር፣ ቦታ ልቀይር ካለ ለኅብረቱ ያሳውቃል። ኅብረቱ ለሁሉም አባላት ያሳትመዋል። ሊነካ የሚችል ጎረቤት አስልቶ «ይሄ እኔን ይጎዳል» ብሎ በጊዜው ይጽፋል። ከዚያ ይደራደራሉ፦ ኃይል ቀንስ፣ አንቴናህን ወደዚያ አዙር፣ ማታ ዝቅ አድርግ። በተወሰነው ጊዜ ውስጥ መልስ ያልሰጠ አገር ደግሞ እንደተስማማ ይቆጠራል።

አባቶቻችን «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላሉ። ጄኔቫ ላይ ግን ይገባል። እዚያ ዝም ማለት «እሺ» ማለት ነው። አንድ ጎረቤት ከአንተ መስመር አጠገብ ግዙፍ ማሰራጫ ለመትከል ሲያሳውቅ፣ አዲስ አበባ ያለው ባለሙያ ያቺን ገጽ ካላየ፣ ወይም አይቶ ካላሰላ፣ ወይም አስልቶ ደብዳቤው ፊርማ ሲጠብቅ ቀኑ ካለፈ፣ አለቀ። ጥይት አልተተኮሰም፣ ወታደር አልገባም፣ ሰበር ዜና አልተሠራም። አንድ አርሶ አደር ብቻ አንድ ማታ ሬዲዮውን ሲከፍት የሚያውቀው ድምፅ በሌላ ድምፅ ተውጦ ያገኘዋል።

«ቢነካንስ? እንከስ የለ?» ትለኛለህ። ክሱ እኮ በስሜት አይቀርብም። በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ቁጥር፣ ከየት አቅጣጫ፣ በምን ያህል ጉልበት እንደተነካህ ለክተህ ታቀርባለህ። ኅብረቱ ፖሊስ የለውም፣ እስር ቤት የለውም። ያለው መዝገብና ይሉኝታ ነው። ያም ሆኖ አብዛኛው አገር ያከብረዋል፣ ምክንያቱም ዛሬ የሌላውን የረገጠ ነገ የራሱን የሚያስከብርለት አያገኝም።

ሳይከበር ሲቀር ምን እንደሚመጣ ማየት ከፈለግክ ወደ አሜሪካና ኩባ ሂድ። የሰሜን አሜሪካ አገራት እ.ኤ.አ. በ1937 ሃቫና ላይ ተቀምጠው ሞገዳቸውን ተከፋፈሉ። መጋቢት 29 ቀን 1941 እ.ኤ.አ. በመቶዎች የሚቆጠሩ የአሜሪካ ጣቢያዎች በአንድ ቀን ቁጥራቸውን ቀየሩ። ልዕለ ኃያል የምንላት አገር ከጎረቤቶቿ ጋር በገባችው ቃል ምክንያት ጣቢያዎቿን አዘዋወረች። በኋላ ግን ፖለቲካው ገባበት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1985 ወደ ኩባ የሚያሰራጭ ሬዲዮ ማርቲ የሚባል ጣቢያ ከፈተች፣ ኩባም በማፈኛ ሞገድ መለሰች። ፍሎሪዳ ውስጥ ከጠቡ ምንም የሌሉበት ተራ የንግድ ጣቢያዎች ሳይቀሩ በኩባ ማሰራጫዎች ታወኩ። ሁለት ዝሆን ሲጣላ የሚጎዳው ሣሩ ነው የሚባለው በሞገድም ይሠራል።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ጅቡቲን እያት። ትንሽ አገር ናት እንላለን። አሜሪካ ግን በ1431 ኪሎ ኸርዝ ሬዲዮ ሳዋን በዓረብኛ ለአካባቢው ስታሰራጭ የኖረችው ከጅቡቲ መሬት፣ 600 ኪሎ ዋት ጉልበት ካለው ማሰራጫ ነው። 1431ን ለ9 አካፍለው፤ 159፣ ቀሪ የለም። በሕጉ መሠረት ማሰራጫው የቆመበት አገር ነው ባለመብቱም ተጠያቂውም። ጅቡቲ ወደብ ብቻ አይደለም የምታከራየው። ሞገድም ንብረት እንደሆነ ቀድማን የገባት ጎረቤት አለችን።

እዚህ ላይ የሚነሱ ሦስት ክርክሮች አሉ። አንድ በአንድ ልመልስ።

አንደኛው «ኤ ኤም ሞቷል፣ አውሮፓውያን እየዘጉት ነው» የሚለው ነው። አዎ፣ ጀርመንና ፈረንሳይ የሕዝብ መካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎቻቸውን እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ዘግተዋል። እነሱ ጋ ግን በየጓዳው ኢንተርኔት አለ፣ በየመንገዱ ዲጂታል ሬዲዮ አለ። ሕንድን ለምን አታይም? ሕንድ መካከለኛ ሞገዷን ወደ ዲጂታል እየቀየረች ብዙ ማሰራጫ ተክላለች፣ ምክንያቱም ሰፊ አገርና በየገጠሩ የሚኖር ሕዝብ አላት። እኛ የምንመስለው ማንን ነው? ሉክሰምበርግን ነው ሕንድን? ለእያንዳንዱ ሸለቆ የኤፍ ኤም ማማ ልትተክል ነው?

ሁለተኛው «ፌስቡክና ቴሌግራም እያለ ሬዲዮ ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው። ወንድሜ፣ ይሄን ጽሑፍ የምታነብበት መስመር እኮ በአንድ ውሳኔ የሚዘጋ ነው። ትግራይ ከ2013 ዓ.ም ጥቅምት ጀምሮ፣ አማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም ነሐሴ ጀምሮ ኢንተርኔት ሲጠፋ ማን ምን ሰማ? ኔትወርክ የለም፣ መብራት የለም። የሚሠራው ሁለት የባትሪ ድንጋይ የሚበላው ሬዲዮ ብቻ ነው። ደግሞም ፌስቡክ ላይ ያለን ገጽ የእኛ አይደለም፣ ባለቤቱ ካሊፎርኒያ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ተነስተህ «ይህ ገጽ አልተገኘም» ሊልህ ይችላል። 873 ግን በኢትዮጵያ ስም ተመዝግቧል። ስለ ሉዓላዊነት የምንጮኸው በተከራየነው ቤት ውስጥ ሆነን ነው፤ የራሳችን ቤት እንዳለን ረስተናል።

ሦስተኛው ከራሳችን ሰፈር የሚመጣ ነው፦ «ጠላት ከገባ እኛም እናፍናለን፣ ማሰራጫ አለን።» ይሄን ሰምቼ ዝም አልልም። ማፈን አዲስ ጀግንነት አይደለም፣ ተሞክሯል። አጭር ሞገድ የሚያዳምጥ ሰው በኢትዮጵያና በኤርትራ ጣቢያዎች ላይ ለዓመታት ይወርድ የነበረውን የዝናብ የመሰለ ጩኸት ያውቀዋል። በ2002 ዓ.ም ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት ከሩዋንዳው የእልቂት ሬዲዮ ጋር አነጻጽረው፣ ማፈን የሚቻልበት አቅም ሲረጋገጥ ትእዛዝ እንደሚሰጡ በአደባባይ ተናግረዋል። ምን ተገኘ? ማሰራጫ ውድ ነው፣ መብራት ይበላል። ያንን ጉልበት ቃል ለማስተላለፍ ትተህ ጩኸት ለመርጨት ስታውለው በራስህ ገንዘብ ራስህን ዲዳ ታደርጋለህ። ነገ የራስህ 855 ሲነካ ጄኔቫ ላይ ቆመህ «ተጎዳሁ» ስትል ደግሞ ሰው ፊትህን ያይሃል። ንጹሕ እጅ የሌለው ከሳሽ አይሰማም። አገሩን የሚወድ የራሱን መስመር ያጠናክራል፤ የሰው መስመር ላይ ጭቃ መወርወር የደካማ ሥራ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ደጃፋችን ልምጣ፣ ምክንያቱም የእኛ አካባቢ በዚህ ታሪክ ውስጥ እንግዳ አይደለም። ከገላን ኮንዶሚኒየም ብዙም ሳይርቅ አቃቂ አለ። የኢትዮጵያ የሬዲዮ ስርጭት የተጀመረው አቃቂ ነው። ጣቢያውን የሠራው አንሳልዶ የተባለ የጣሊያን ኩባንያ ነበር። ጣሊያን ልትወረን በተሰናዳችበት በ1928 ዓ.ም መግቢያ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የኢትዮጵያን ጉዳይ ለዓለም ያሰሙት በዚያው ጣቢያ ነው። አስበው! ወራሪው በሠራው ማሰራጫ ወራሪውን መክሰስ! በዚያ ዘመን አየር ኃይላችን ከእነሱ ጋር የሚወዳደር አልነበረም፣ መርዝ ጋዙን የምንከላከልበት አልነበረንም። ሞገድ ግን ነበረን። የተጠቃች አገር መጀመሪያ ያነሳችው መሣሪያ ድምፅ ነበር፣ ያ ድምፅም የወጣው እኛ ዛሬ በታክሲ ሰልፍ ተሰልፈን ከምናልፍበት አካባቢ ነው። ስንቶቻችን እናውቃለን?

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1963 የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮን የከፈተው አዲስ አበባ ላይ ነው። ከዚህ ተነስቶ ለአፍሪካ፣ ለመካከለኛው ምሥራቅና ለእስያ በብዙ ቋንቋ ያሰራጭ ነበር። በ1969 ዓ.ም ደርግ ወረሰውና የአብዮታዊ ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ። በወረሰው መንገድ ላይ መከራከር ይቻላል። የማያከራክረው ግን አዲስ አበባ አንድ ጊዜ የአህጉር ድምፅ የሚወጣባት ከተማ እንደነበረች ነው። የአፍሪካ መዲና እንላታለን አይደል? ታዲያ ዛሬ ማታ ናይሮቢ ያለ ሰው፣ ፖርት ሱዳን ያለ ሰው፣ ኤደን ያለ ሰው ሬዲዮውን ሲያዞር የሚያገኘው ማንን ነው? ዝም ካልን ሌላውን።

ታዲያ ምን እናድርግ? በእኛ ዘንድ ጽሑፍ ሁሉ «ንቃ!» ብሎ ያልቃል። ነቅተህስ?

አንድ፦ መዝገቡ ለሕዝብ ይውጣ። ሞገድን በአጠቃላይ የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን አለ፣ ማሰራጫ ያለው ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን አለ። ሦስቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን አንድ ቀላል ሠንጠረዥ ያውጡ፦ በኢትዮጵያ ስም የተመዘገቡት መስመሮች እነዚህ ናቸው፣ የሚሠሩት እነዚህ፣ የቆሙት እነዚህ፣ የሚታደሱት በዚህ ቀን። ይሄ የጦር ምስጢር አይደለም፣ ጎረቤቶቻችን ሁሉ ጄኔቫ ላይ የሚያዩት ነገር ነው። እኛ ባለቤቶቹ ብቻ ለምን አናይም?

ሁለት፦ የማሰራጫ መሬት አይነካ። በ873 ላይ የሚሠራ ሩብ ሞገድ ማማ 86 ሜትር ገደማ ቁመት ይፈልጋል። ሥሩ ዙሪያውን ደግሞ መሬት ውስጥ የተቀበረ የመዳብ ሽቦ አለው፣ እንደ ዛፍ ሥር የተዘረጋ። ሜዳውን ቆርሰህ ቤት ከሠራህበት፣ መዳቡን ቆፍረህ ከሸጥክ፣ ማማው ቆሞ ይታያል እንጂ ጉልበቱ ይሞታል። በከተማችን ዳርቻ ባዶ ሜዳ ስንት ዓይን እንደሚያርፍበት ደግሞ ገላን ያለ ሰው ይነግርሃል። ያ ሜዳ ባዶ አይደለም፤ ሥራ ላይ ነው።

ሦስት፦ ትናንሾቹን መስመሮች እንጠቀም። በእቅዱ ላይ 1485፣ 1584 እና 1602 ኪሎ ኸርዝ ለአነስተኛ ጣቢያዎች የተተዉ ናቸው፣ ጉልበታቸው ከ1 ኪሎ ዋት አይበልጥም፣ ሥርዓታቸውም ቀለል ያለ ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ የወረዳ ማኅበር በዚህ መጀመር ይችላል። ተማሪው ማሰራጫ በእጁ ነክቶ ይማራል፣ ገበሬው የገበያ ዋጋ ይሰማል፣ ኢትዮጵያም መስመሩን ትጠቀማለች።

አራት፦ ልጆቿን ትቅጠር። ይሄን የምለው ስለ ራሴ ለማልቀስ አይደለም፣ ግን ከነገሩ ጋር ስለሚሄድ እናገራለሁ። ኤሌክትሪካል ምህንድስና አምስት ዓመት ተምሬ ዲግሪዬን ይዤ ሥራ እፈልጋለሁ። በአምስት ዓመት ውስጥ የሞገድን ቀመር ሁሉ ሸምድጃለሁ። የኢትዮጵያ ሞገድ የትኛው እንደሆነ፣ ጎረቤት ሲያሳውቅ እንዴት እንደሚሰላ፣ መልስ እንዴት እንደሚጻፍ ግን አንድም ቀን በክፍል አልተነሳም። ይሄ ሥራ ደግሞ የሚሠራው በኮምፒውተር፣ በመለኪያና በትዕግስት ነው። እንደኔ ያለ ልጅ በየኮንዶሚኒየሙ ሞልቷል። ድንበር ጠባቂ ስንል ጠመንጃ የያዘውን ብቻ ነው የምናስበው። ሌሊት ላይ ተቀምጦ «በዚህ ሰዓት በዚህ ቁጥር ላይ ይሄ ጣቢያ ገባብን» ብሎ መዝግቦ የሚያድረውም ድንበር ጠባቂ ነው።

አምስት፦ አንተ ራስህ አዳምጥ። ሬዲዮ ይዘህ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታህን፣ የሰማኸውን ቋንቋ ጻፍ። «873 ከደሴ ማታ 4 ሰዓት ጥርት ብሎ ይሰማል።» «855 ከጎዴ ሌላ ጣቢያ ተደርቦበታል።» እንዲህ ጽፈህ በኮመንት አስቀምጥልን። ስድብ አትጻፍ፣ የጎረቤት ሕዝብንም አትንካ፤ አድማጩ ምን አደረገ? እኛ የምንፈልገው ቁጥርና ሰዓት ነው። ሺህ ኮመንት ስድብ ጄኔቫ ላይ ምንም አይመዝንም። ከየአገሪቱ ጥግ በአንድ ወር የተሰበሰበ ንጹሕ መዝገብ ግን ባለሥልጣኑ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሊገፋ አይችልም።

ወገኔ፣ አገር ወዳድነታችን ቀላሉን ነገር መርጧል። ካርታ መለጠፍ ቀላል ነው። መፎከር ቀላል ነው። ጄኔቫ ላይ የወጣን ማሳወቂያ በቀኑ አንብቦ፣ አስልቶ፣ «ኢትዮጵያ በዚህ አትስማማም፣ ምክንያቱም…» ብሎ መጻፍ ግን አሰልቺ ነው፣ ላይክም አያስገኝም። አገር የሚጠበቀው ግን በዚያ አሰልቺ ሥራ ነው። በ1968 ዓ.ም፣ በዚያ ሁሉ ትርምስ ውስጥ፣ ስማችንን መዝገቡ ላይ ያኖሩልን ሰዎች ማን እንደሆኑ እንኳ አንጠይቅም። እነሱ ግን ሥራቸውን ሠርተው አለፉ። የእኛ ተራ ነው።

ዛሬ ማታ አዳምጡ፣ የሰማችሁትን ጻፉ። ይሄን ጽሑፍም ለምህንድስና ተማሪ ጓደኞቻችሁ ሼር አድርጉ።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!